በመስኮቱ ያቀበልኩት ክኒን

ወንድሜ ትከሻውን የሰበረው ማሽላ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ባጃጁን ሊያጥብ ወንዝ ወርዶ ድንጋይ አዳለጠውና በጎኑ ወደቀ። ያን ጊዜ እኔ ከሸዋ ሮቢት ትንሽ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ፣ መድኃኒት ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ዛሬም እዚያው ግቢ ነኝ፤ ሥራዬ ብቻ ተቀይሯል። ለምን እንደተቀየረ የሚጠይቀኝን ሁሉ "ወገቤን አሞኝ ነው" እያልኩ ነው የኖርኩት።

ወንድሜን በዘጠኝ ዓመት እበልጠዋለሁ። እናታችን ስታርፍ እሱ ገና ፊደል ይቆጥር ነበር፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። "እትዬ" ይለኛል፤ ሲለኝ እንደ እህትም እንደ እናትም አድርጎ ነው። ትምህርቱ ብዙም አልሆነለትም፣ ባጃጅ ግን ሆነለት። ከመናኸሪያው እስከ ቀወት ገጠሮች፣ አንዳንዴም በአስፋልቱ እስከ ጀውሃ ድረስ ሰው ያመላልሳል። ሽማግሌ ሲጭን ወርዶ እጃቸውን ይዞ ያስገባል። ነፍሰ ጡር ሲጭን ጉድጓዱን እየሸሸ ቀስ ብሎ ይነዳል። ስልክ ደውለው "የት ነህ? ና ውሰደኝ" የሚሉት ሰዎች ባጃጅ አጥተው አይደለም፣ እሱን ፈልገው ነው።

ከእነዚያ አንዱ ከመንገዱ ዳር ባለች መንደር ልጆችን ቁርአን የሚያስቀሩ ሸኽ ነበሩ። ትውልዳቸው አሊዩ አምባ ነው፤ ወደ እኛ ቆላ የወረዱት በጎልማሳነታቸው ነው። ሲደክማቸው ወይም ሲገረሙ ከአማርኛው መሀል አንድ ሁለት የአርጎብኛ ቃል ጣል ያደርጉ ነበር። የደም ግፊት ስላለባቸው በየወሩ መድኃኒታቸውን ለመውሰድ ወንድሜ ያመጣቸዋል። መስኮቴ ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው፣ "ልጄ፣ እንዴት ነሽ? ይኸው ወንድምሽ ዛሬም ሳያንገጫግጭ አደረሰኝ፣ አልሀምዱሊላህ" ይሉኛል። ከዚያ ዱዓ አድርገውልኝ ነው የሚሄዱት።

ወንድሜ የወደቀ ቀን ሐኪሙ ትከሻውን አሠረለትና ለአምስት ቀን የሚሆን ትራማዶል አዘዘለት። ትራማዶል ብርቱ ሕመም ማስታገሻ ነው። በፋብሪካ የተቀመመ ቢሆንም ሥራው ከሞርፊን ጋር ይዛመዳል፤ ሕመሙን ያደበዝዛል፣ ከሕመሙ ጋር ጭንቀቱንም ድካሙንም ረሃቡንም አብሮ ያደበዝዛል። በልኩ ለታዘዘለት ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ማዘዣውን ተቀበልኩት፣ ክኒኑን በወረቀት ጠቅልዬ በመስኮቱ አቀበልኩት፣ "ከዚህ በላይ እንዳትወስድ" አልኩት። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም።

አምስቱ ቀን ሲያልቅ ተመልሶ መጣ።

"እትዬ፣ ይጠዘጥዘኛል። መሪውን ስይዝ እስከ አንገቴ ድረስ ይወጣል።"

"ሐኪሙ ጋ ግባና ያሳይህ።"

"ወረፋው እኮ እስከ በር ነው። አንቺ እያለሽ?"

አንቺ እያለሽ አለኝ፤ እኔም ሰጠሁት። ከሳምንት በኋላ እንደገና ሰጠሁት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ እጄ ትንሽ ተጠራጠረ፤ ነገር ግን ላብ በላብ ሆኖ፣ ፊቱ ገርጥቶ አየሁትና አንጀቴን በላኝ። ያ ላብ የትከሻው ሕመም መስሎኝ ነበር። ሰውነቱ ክኒኑን መጠየቅ መጀመሩ እንደነበር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። አራተኛውን ጊዜ ከለከልኩት። አልተጣላኝም። "እሺ እትዬ፣ ተሽሎኛል" ብሎ ሳቀና ሄደ፤ እኔም ጉዳዩ አለቀ ብዬ አመንኩ።

ቀጥሎ የመጡት ሁለት ወራት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ የሚሉ ነበሩ። ዝምተኛው ወንድሜ ተጫዋች ሆነ። ፀሐዩ ድንጋይ በሚያነድበት ሰዓት ሌሎቹ ባጃጆች ዛፍ ሥር ተሰልፈው ሲያንቀላፉ እሱ ይሠራል። ምሳ አያምረውም። "ጫት ቃምኩ፣ ዘጋኝ" ይለኛል፤ ጫት በእኛ አገር የማይሸፍነው ነገር ስለሌለ አመንኩት። አፍንጫውንና ክንዱን ሁልጊዜ ያካል፤ ትንኝ ነው አልኩ። ሆዱ ይደርቃል፤ ውሃ ስለማይጠጣ ነው አልኩ። ዓይኑ መሀል ያለችው ጥቁር ነጥብ በጥላ ውስጥ እንኳ እንደ መርፌ ጫፍ ጠባ ትታያለች። እሷን ግን ምንም ልላት አልቻልኩም። ሌላ ሰው በዚያ ዓይን መስኮቴ ላይ ቢቆም ወዲያው አውቅበት ነበር።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ባጃጁ ግቢያችን ቆማለች። ጃንጥላዬን ረስቼባት ነበርና ልፈልግ የኋላውን ወንበር አነሳሁት። ከሥሩ ባዶ የክኒን እሽጎች በላስቲክ ታስረው ተቀምጠዋል። ትራማዶል ናቸው፤ ከእኛ ጤና ጣቢያ የወጡ ግን አይደሉም። ይዣቸው ገባሁ። ፊቱን እየታጠበ ነበር።

"ይኼ ምንድነው?"

ፎጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ። "ሁሉም እኮ ይወስዳል፣ እትዬ" አለ በመጨረሻ። "የመኪና ሹፌሮቹ ይወስዳሉ። እኛም ጋ ይወስዳሉ። እንደ ጫት ነው። ያበረታል እንጂ አያሰክርም።"

"እንደ ጫት አይደለም። ይጥላል፣ ታውቃለህ? ሲበዛ እያንቀጠቀጠ ይጥላል። ሲብስ ትንፋሽ ያቆማል። ከመጠጥ ጋር ደግሞ..."

"እኔ አልጠጣም።"

"ስንት ነው በቀን የምትወስደው?"

መስቀሌን ይዞ ማለልኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ አቆማለሁ አለኝ። እኔም አለቀስኩ፣ አቀፍኩት፣ ምሳ አቀረብኩ። ስንት ሰው አስተምሬያለሁ ስለዚህ መድኃኒት! ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ማቆም እንደማይሆንለት፣ ሐኪም እየተከታተለው ቀስ በቀስ መቀነስ እንዳለበት ለሌላው እናገር ነበር። ለወንድሜ ግን መሐላው ይበቃል አልኩ። ወደ ሐኪም ብወስደው የመጀመሪያው ጥያቄ "ከየት ጀመረው?" የሚል እንደሚሆን ስለማውቅ ነው።

ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ጤና ጣቢያችን ግቢ ውስጥ ጡሩምባውን እየነፋ ገባ። ከሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ሁለት ሰው አወረዱ። አንደኛው ወንድሜ ነው። ሁለተኛው ሸኹ ናቸው።

የሆነውን ሽንኩርት ሲኮተኩቱ የነበሩት ገበሬዎች ነገሩን። ባጃጇ ከጠጠሩ መንገድ ወደ አስፋልቱ ልትወጣ ስትቃረብ ድንገት እንደ ሰከረ ሰው ተወላገደች። ወንድሜ አንገቱ ወደ ኋላ ተቆልምሞ፣ እጁ መሪው ላይ ደርቆ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ የመስኖው ቦይ ውስጥ ተገለበጡ። ሰው ሲደርስ ሸኹ በዳሌያቸው ወድቀው ባጃጇ እግራቸው ላይ ተኝታለች። ወንድሜ አፉ አረፋ ደፍቋል፣ ምላሱን ነክሷል። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ይዞለት ነበር፤ ስቀበለው የክብሪቱ ሽታ ከፊቱ አልለቀቀም።

"የሚጥል በሽታ ነው" አለ የአይሱዙው ሾፌር። "ምስኪን፣ ማን አወቀበት!"

"ጸበል ነው የሚያሻው" አለች አንዲት ሴት።

ማንም ሌላ ነገር አላሰበም። እኔ ግን የሰውን ቃል እንደ መጠለያ ሮጬ ገባሁበት።

ያን ቀን ተረኛ የነበረው ጤና መኮንን ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። የወንድሜን ዓይን በባትሪ አየ፣ ወደ እኔ ዞረ።

"ከዚህ በፊት ጥሎት ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"የወሰደው ነገር አለ? መድኃኒት፣ መጠጥ፣ ሌላም?"

"የለም" አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ሸኹ በሚቀጥለው አልጋ ላይ ተኝተው "ልጁስ? ልጁ ደህና ነው?" ይሉ ነበር። እግራቸው ወደ ውጭ ተጣሞ አጥሯል። ስለ ራሳቸው አልጠየቁም።

ጥቂት ቆይቶ ወንድሜን እንደገና ጣለው። አሁን አጠገቡ ቆሜ አየሁት፤ መንጋጋው ገጠመ፣ አልጋው ከግድግዳው ጋር ተማታ፣ ሱሪው ረጠበ። ጤና መኮንኑ ማስቆሚያውን መርፌ በደም ሥሩ ሰጠው። ደግ ነው፣ ለሚንቀጠቀጥ ሰው የሚሰጠው እሱ ነው። መንቀጥቀጡም ቆመ። ሁሉም እፎይ አለ። እኔ ግን ደረቱን እያየሁ ነበር። ያ መርፌ በራሱ ትንፋሽ የሚያዘገይ ነው። ትራማዶሉም ያዘገያል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ከክፍሉ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ደረቱ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ከዚያ ዝም። ብዙ ዝም። እንደገና ከፍ አለ። ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ መሄድ ሲጀምር የጤና መኮንኑን ክንድ ያዝኩ።

"ዋሽቻለሁ!" ብዬ ጮህኩ። "ትራማዶል ነው! ወራት ሆኖታል፣ በብዛት ነው የሚወስደው!"

ጤና መኮንኑ አንገቱን ቀና አደረገለት፣ የአየር መስጫውን ፊኛ ከነጭንብሉ ፊቱ ላይ ገጠመና መጭመቅ ጀመረ። "አንቺ ጭመቂ" አለኝ፣ "እኔ አምቡላንስ ልጥራ።" ጨመቅኩ። ስጨምቅ ደረቱ ይነሳል፣ ስለቅ ይወርዳል። የራሱ ትንፋሽ እየተጠጋጋ እስኪመጣ ድረስ ጨመቅኩ። እጄ ሲዝል ነርሷ ልትቀበለኝ መጣች፤ አልለቅም አልኳት።

ሁለቱንም በአንድ አምቡላንስ ወደ ደብረ ብርሃን ሰደዷቸው፤ እኔም አብሬያቸው ተሳፈርኩ። የጣርማ በርን ዳገት ስንወጣ ሸኹ የወንድሜን እጅ በእጃቸው ይዘው ከንፈራቸው ያለማቋረጥ ይንቀሳቀስ ነበር። የእኔን ጩኸት ሰምተው እንደሆነ፣ ሰምተውም ገብቷቸው እንደሆነ አላወቅኩም። ለመጠየቅም ወኔ አልነበረኝም።

ወንድሜ ተረፈ። ሆስፒታሉ ውስጥ ያየችው ሐኪም ነገሩን በቀስታ አስረዳችው። የጣለው ክኒኑ ነው፤ ከፍ ባለ መጠን ሲወሰድ ጤነኛ አንጎልንም ያናውጣል። ሰውነቱ ለምዶታልና በአንድ ጊዜ ቢቆም ይታመማል፤ በመጠን እየተቀነሰ ይወጣል። የሚወስደውን የሚይዝለትና የሚሰጠው የታመነ ሰው ያስፈልገዋል አለች።

"እህቱ አለሁ" አልኩ።

አየችኝ። "ሌላ ሰው የለም?" አለች። ሌላ ሰው አልነበረም።

ወደ ቤት ተመልሰን ያሳለፍናቸውን ሳምንታት በሙሉ መጻፍ አልችልም። መጠኑ በተቀነሰ ቁጥር ሰውነቱ ያምፃል። በዚያ ሙቀት ቆዳው እንደ ብርድ ቀን ሽፍ ይላል። ያዛጋል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ ሆዱ ይቆርጠዋል። እግሮቹን ማሳረፍ አይችልም፤ ፍራሹ ላይ ተኝቶ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ያንቀሳቅሳቸዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ላይ የሌሉ ጉንዳኖች እየጠረገ አገኘሁት። "አታያቸውም እንዴ?" አለኝ፤ ማን እንደሆንኩ ጠፍቶት እንደ ወንድ ነበር ያናገረኝ።

የሚከብደው ግን ልመናው ነበር። መድኃኒቱን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ። ጉልበቴን ይዞ፣ "አንድ ብቻ፣ እትዬ። እናቴን! አንድ ብቻ" ይለኛል። አንድ ጊዜ ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ሳጥኑ ድረስ ሄጃለሁ። ከፍቻለሁም። እጄ እሽጉ ላይ እያለ የዛን ቀን ከንፈሩ ትዝ አለኝና መልሼ ቆለፍኩት፤ ከዚያ ውጭ ወጥቼ ማንጎው ሥር ተቀምጬ ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ።

በዚህ መሀል ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ያለ ማዘዣ ስለሰጠሁት ሁሉ ተናገርኩ። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ከመስኮቱም ተነስቼ ካርድ ክፍል ገባሁ። ያነሰ ቅጣት ነው። ከዚህ የበለጠ የሚጠብቀኝ ሌላ ቦታ ነበር።

ሸኹ ተኝተው ከሆስፒታል ወጡ። ዳሌያቸው ለኦፕራሲዮን አልሆነም፤ ዕድሜውና ግፊቱ አልፈቀደም። በአገራችን ልማድ ሽማግሌ ተልኮ መታረቅ አለብንና የንስሐ አባታችንንና ሁለት የሠፈር ሽማግሌዎችን ይዘን ሄድን። ወንድሜ መራመድ ከጀመረ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። በሸኹ ግቢ ዳስ ሥር ምንጣፍ ተነጥፏል። እሳቸው አልጋቸው ወጥቶላቸው በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ልጃቸው፣ በጀውሃ ምግብ ቤት ያለው ጎልማሳ፣ ከጎናቸው ቆሟል። ሴት ልጃቸው በሩ ላይ ናት።

የንስሐ አባታችን ጀመሩ። "ልጁ ታሞ ነው። በሽታ ደግሞ የማንም ጥፋት አይደለም..."

የሸኹ ልጅ ራሱን ነቀነቀ። "እኛም እንደዚሁ ነው ያልነው አባ። የአላህ ቀደር ነው። በሽተኛ ሰው አይከሰስም። አውፍ፣ ይቅር ብለናል።"

በዚያ ማለቅ ይችል ነበር። ሽማግሌዎቹ ለምርቃት እጃቸውን መዘርጋት ጀምረዋል። እኔ ዝም አልኩ፤ ይህን መካድ አልችልም። የተናገረው ወንድሜ ነው።

"በሽታ አይደለም" አለ።

ሁሉም ዞረ። ተነስቶ ቆመ።

"ክኒን ነው። ለሕመም የሚሰጥ ክኒን ነው፤ እኔ ግን ለሕመም አልነበረም የምወስደው። እሱ ነው የጣለኝ።"

ሸኹ ከትራሳቸው ቀና አሉ። "ያን ቀን እኔን ከቤቴ ስትወስደኝ፣ ወስደህ ነበር?"

"አዎ፣ አባባ።"

"እንደሚጥል ታውቅ ነበር?"

"እትዬ ነግራኛለች። አላመንኳትም።"

ያኔ ዓይናቸው ወደ እኔ መጣ። "አንቺስ ልጄ? ባጃጇ ላይ ስወጣ፣ ምን እንደሚወስድ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር፣ አባባ። የመጀመሪያውንም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ትቻለሁ ሲለኝ አመንኩት። ማመን ስለፈለግኩ ነው።"

የሸኹ ልጅ ምንጣፉን ረግጦ ወጣ። ከአጥሩ ውጭ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ይሰማናል። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ሸኹ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሱና ጣታቸውን መቁጠሪያቸው፣ ሙስበሃቸው ላይ ሄድ መለስ እያደረጉ ቆዩ።

"ልጄ ያለውን አውፍ እኔ አልወረስኩትም" አሉ። "እሱ ለበሽተኛ ነው አውፍ ያለው። እናንተ የነገራችሁኝ ሌላ ነው። ዛሬ አፌ አውፍ ቢል ልቤ አይልም፤ ሙናፊቅ መሆን አልፈልግም። ሂዱ። ጌታዬ ልቤን ሲያለሳልሰው እልካለሁ።"

ሳንመረቅ ወጣን። መንገድ ላይ የንስሐ አባታችን የወንድሜን ትከሻ ያዙና "ደግ አደረግህ" አሉት። ለእኔ ምንም አላሉኝም።

ሦስት ወር ያህል ምንም መልእክት አልመጣም። ክረምቱ ገባ፣ ወንዙ ሞላ፣ ወባ በዛ። አንድ ቀን የሸኹ ሴት ልጅ የአባቷን ካርድ ልታወጣ መጣችና ፊት ለፊቴ ቆመች።

"ወንድምሽን ይፈልጉታል" አለችኝ። "ብቻውን ይምጣ ብለዋል።"

ወንድሜ በማግሥቱ ሄደ። ሲመለስ ዓይኑ አብጧል። ሸኹ ሳል ይዟቸው፣ ጀርባቸው ቆስሎ አገኛቸው። እንዲያገላብጣቸው ጠየቁት፤ በልጆቻቸው ፊት አገላበጣቸው። ከዚያ ስለ ክኒኑ ጠየቁት፤ መጀመሪያ ሲውጠው ምን እንደሚሰማው፣ ለምን እንዳልተወው፣ አሁንስ ያምረው እንደሆነ። "ያምረኛል" አላቸው። "እውነቱን ስለነገርከኝ አላህ ያግዝህ" አሉት። "አውፍ ብዬሃለሁ። በዱንያም በአኺራም አልይዝብህም።" ከዚያ ወዲያ በየሁለት ቀኑ እየሄደ ያገላብጣቸው፣ ያጥባቸው ጀመር። ልጃቸው ገና ፊቱን ባይፈታለትም በሩን አልዘጋበትም።

ሸኹ ያረፉት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ሐኪሞቹ የሳንባ ምች ነው አሉ። ለወራት የተኛ አረጋዊ ላይ የሚመጣ ነው፤ አውቀዋለሁ፣ ከየት እንደጀመረም አውቃለሁ። ለቅሶ ሄጄ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ሰው ሲቀል ሴት ልጃቸውን ጠጋ አልኳት።

"ስለ እኔ የተናገሩት ነገር ነበር?" አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። "አልነበረም፣ እትዬ" አለችኝ። "ብዋሽሽ ደስ ባለሽ፣ ግን አልነበረም።"

ያን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እስከ ዛሬም ያለኝ እሱ ነው። አንዳንዴ ዱዓቸው ውስጥ አስገብተውኝ ይሆናል እላለሁ፤ ግን ይህ የእኔ ምኞት ነው እንጂ የእሳቸው ቃል አይደለም።

ወንድሜ ከቀብሩ በኋላ ጠፋ። አራት ቀን ሙሉ ስልኩን አላነሳም። በአምስተኛው ቀን በጠዋት ደጁ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ገና ሳልናገር "ወስጃለሁ" አለኝ። አልጮህኩበትም። ልብሴን ቀየርኩና በመጀመሪያው መኪና ደብረ ብርሃን ይዤው ወጣሁ። ሐኪሟ አልተገረመችም። ወድቆ መነሳት የዚህ ሕመም ጠባይ ነው፤ ራሱ መጥቶ መናገሩ ግን ከበፊቱ የተለየ ነው አለች። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን።

አሁን ስምንተኛ ወሩ ነው። ባጃጅ አይነዳም። ሌላ ሰው ሊጭን ድፍረቱ እንደሌለው ነግሮኛል፤ እኔም ሞክር አላልኩትም። ከወንዙ ማዶ በመስኖ ሽንኩርት እያለማ ነው። የነከሰው ምላሱ ጠባሳ ስለተወበት አንዳንድ ቃል ሲናገር ይይዘዋል። ከዚያ ወዲህ ጥሎት አያውቅም፤ ከጓደኞቹ ግን አንዱን ይኸው ክኒን ባለፈው ወር ጣለው፤ ገደል አፋፍ ላይ ነበር፣ በአምላክ ቸርነት ተረፈ። ወንድሜ ሄዶ አነጋገረው። ምን እንዳለው አልነገረኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ምሳ እየበላን ሳለ ጉርሻውን እንደያዘ ቆመ።

"እትዬ" አለኝ፣ "ያ ክኒን ጭራሽ የሚረሳኝ ይመስልሻል?"

ድሮ ቢሆን "እንዴታ! ይረሳሃል" እለው ነበር።

"አላውቅም" አልኩት። "ላይረሳህ ይችላል።"

ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። ጉርሻውን ዋጠ፣ ውሃ ጠጣ። የመስኖው ተራ ደርሶት ስለነበር አካፋውን ከጥግ አንስቶ ወደ ማሳው ሄደ።